ነጭ ኮፍያ ያደረገችው

ቺሮ ገብታችሁ “ካሪቢያን የውበት ሳሎን የት ነው?” ብላችሁ ጠይቁ። አላውቅም የሚል ካጋጠማችሁ ወይ እንግዳ ነው፣ ወይ መላጣ ነው። ባለቤቷ እኔ ነኝ፤ እየሩስ ተስፋዓለም። ከአዲስ አበባ እስከ ሐረር በተዘረጋው አስፋልት ላይ እንደኔ ሹሩባ የሚሠራ የለም ይባላል። የሚለው ማን ነው ብትሉኝ እኔ ነኝ። እስካሁን ግን መጥቶ የተቃወመኝ የለም።

ደንበኞቼ ጭንቅላታቸውን የፀጉር ማድረቂያው ካስክ ውስጥ ከትተው መሸሽ በማይችሉበት ሰዓት ላይ “እየሩ፣ ይሄ ካሪቢያን የሚሉት ስም ከየት መጣ?” ይሉኛል። ይሄኔ ማበጠሪያዬን አስቀምጣለሁ። “ዘጠኝ ዓመቴ ነበር” እላለሁ፤ “ዐሥር ሺህ ሕዝብ ፊት፣ ከባሕር ማዶ ከመጡ ሙዚቀኞች ጋር መድረክ ላይ ጨፍሬያለሁ። ከዚያ ሁሉ ሰው መሃል እኔን መርጠው ጠሩኝ!” ሕዝቡ አንዳንድ ቀን ዐሥራ አምስት ሺህ ይደርሳል። ፀጉሩ ለመድረቅ እንደሚፈጀው ጊዜ ነው።

አሁን የምጽፈው ግን ካስክ ውስጥ ላለ ሰው የማልነግረውን ነው። ሺዎቹን ለመቀነስ እሞክራለሁ። ቃል ግን አልገባም።

ያኔ ከተማችንን አሰበ ተፈሪ ነበር የምንላት። አባባ የጤና ጣቢያ ድሬሰር ነበሩ፤ ከጎጃም ተመድበው የመጡ። መርፌ የተወጋ ሁሉ “ዶክተር” ሲላቸው አያርሙም፤ ጉራ በዘር የሚወረስ ነገር ሳይሆን አይቀርም። እናቴ ገና ሦስት ዓመት ሳይሞላኝ ሞታለች። ያሳደገችኝ በዐሥር ዓመት የምትበልጠኝ እህቴ አብርሆት ናት። ፀጉሬን የምታበጥረኝ እሷ፣ ጥፍሬን የምትቆርጥልኝ እሷ፣ ስዋሽ ከንፈሬን ቆንጠጥ የምታደርገኝም እሷ። የምተኛው የሌሊት ልብሷን ጫፍ በእጄ ጠቅልዬ ነበር። ስትገላበጥ አብሬ እገላበጣለሁ።

በዚያ ዓመት የማውቀው፣ ከሰው ሁሉ የባሰው በሽተኛ ጅብሪል ይባል ነበር። የሂርና ሰው ነው፤ ሽንኩርትና ቲማቲም በፒካፕ እየጫነ እኛ ከተማ ያመጣል። ትከሻው የበር ያህል ይሰፋል። ምን ዋጋ አለው፣ ጤና የለውም! አብርሆት ጤና ጣቢያው ካርድ ክፍል ትሠራ ነበርና ጅብሪል በየሳምንቱ እሷ ዘንድ ካርድ ያወጣል። አንዱን ሳምንት ራሱን፣ አንዱን ወገቡን፣ ሌላውን ሳምንት ደግሞ እሱ ራሱ ጠቁሞ የማይጨርሰውን ቦታ ያመዋል። አባባ ይወጉታል። በሳምንቱ ተመልሶ “ዶክተር፣ ወላሂ አልተሻለኝም” ይላል። አሁንም ይወጉታል። እኔ ማታ ማታ ተንበርክኬ፣ “አምላኬ ሆይ፣ ጅብሪልን ማርልኝ” እል ነበር። አብርሆት ብርድ ልብሱን አፏ ውስጥ ትከታለች። የምታለቅስለት ነበር የሚመስለኝ።

ያ ሰው ለእህቴ ሲል የተወጋውን መርፌ ዛሬ ሳሰላ፣ መቀመጫው ላይ ያልተበሳ ቦታ መትረፉን እጠራጠራለሁ።

አንድ ቀን አባባ ከጎረቤታችን ከአቶ በለጠ ጋር በረንዳ ላይ ተቀምጠው ሰማኋቸው። አቶ በለጠ የዕድራችን ዳኛ ነበር፤ በድግስ ቀን የክርስቲያኑን በሬ የሚባርከውም እሱ ነው።

“የዚያ ልጅ በሽታ መርፌ የሚያድነው አይደለም” አሉ አባባ።

“እኔማ ከመጀመሪያውም አውቄዋለሁ” አለ አቶ በለጠ። “ልጅቷን ቶሎ ማራቅ ነው። አንዴ ሥር ከሰደደ አይነቀልም።”

“ዝውውር ጠይቄያለሁ። ደብረ ማርቆስ ተፈቅዶልኛል። በሁለት ሳምንት ውስጥ ጠቅልለን እንወጣለን።”

ከበሩ ጀርባ ሆኜ አፌን በእጄ ከደንኩ። በሽታው ተላላፊ መሆኑ ነው! አባባ እህቴን ከወረርሽኝ ሊያሸሿት ነው! ከዚያ ቀን ጀምሮ ጅብሪል በመንገድ ሲያልፍ ትንፋሼን እይዝ ጀመር።

በዚያው ሰሞን የቀበሌው መኪና ድምፅ ማጉያ ጣሪያው ላይ ጭኖ ከተማውን አመሰው። “የካሪቢያን ሙዚቃና ምግብ! እሑድ በኳስ ሜዳ! በነፃ! ቢላሻ! ሁላችሁም ኑ! ኮታ!” ሻሸመኔ የሚኖሩ የካሪቢያን ደሴቶች ሰዎች ናቸው አሉ፤ ለሀገሪቱ ፍቅራቸውን ለመግለጽ ከከተማ ከተማ እየዞሩ ይዘፍናሉ፣ ያበላሉ። ካሪቢያን የት እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም። አቶ በለጠ ግን ሳያስብ መለሰ፦ “ከጅቡቲ አለፍ እንዳልክ ነው።”

አብርሆት ልሂድ ብላ ጠየቀች። አባባ በመጨረሻ “እየሩን ይዘሽ ከሆነ” አሉ። ከዚያ እኔን ለብቻዬ ጓሮ ጠርተው ዝቅ ብለው ዓይኔን አዩኝ። አባባ ለማንም ዝቅ ብለው አያውቁም።

“ከእህትሽ ቀሚስ ላይ እጅሽን እንዳታነሺ። የትም ብትሄድ።”

“ሽንት ቤትም?”

“ሽንት ቤትም።”

እንዲህ ያለ ሹመት ያገኘ ልጅ በከተማው አልነበረም። የጤና ጣቢያው ሁለተኛ ሰው ሆኜ የተሾምኩ መሰለኝ። ሥራዬ እህቴን ከበሽታ መጠበቅ ነው።

አብርሆት ደግሞ በዚያው ሳምንት ነጭ ሹራቧን ተረተረችው። ትምህርት ቤት ስትለብሰው የኖረችውን፣ የምትወደውን። በሦስት ቀን ውስጥ ለኔ ኮፍያ ሠራችበት፤ አናቱ ላይ ብርቱካን የሚያህል ድብልብል ያለው።

“ለምን ነጭ? ለእሑድ ሰው ሁሉ የባንዲራ ቀለም ነው የሚያደርገው” አልኳት።

“ሰው ሁሉ ያንን ስለሚያደርግ ነዋ” አለችኝ፤ ጫፉን በጥርሷ እየበጠሰች። “ሕዝቡ መሃል እንዳትጠፊብኝ።”

ከዚያ ወዲህ ስንትና ስንት ስጦታ ደርሶኛል፤ ወርቅም አለበት። እንደዚያ ኮፍያ የወደድኩት የለም።

እሑድ ቀን ኳስ ሜዳው ጢም አለ። ዐሥር ሺህ ሰው... እሺ፣ ሁለት ሺህ። ሁለት ሺህም ቢሆን ግማሹ የመጣው ተሳስቶ ነው። በኛ አገር በነፃ የሚታደል ምግብ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ርዳታ። ከሚኤሶ በኩል በጭነት መኪና ተሳፍረው፣ ባዶ ጆንያ አጣጥፈው፣ የርዳታ ካርዳቸውን በላስቲክ ጠቅልለው የመጡ ነበሩ። ከፊታችን የቆሙት አዴ ሰርካ የሚባሉ አሮጊት፣ ፀጉሯን እንደ ገመድ የገመደች አንዲት የካሪቢያን ሴት ዘንድ ሄደው ካርዳቸውን ዘረጉ።

“ካርዱ የት ነው የሚመታው?”

ሴትየዋ አልገባትም። ሳቀችና አቀፈቻቸው።

“ማቀፉስ ደግ፤ ለሰው ስንት ኪሎ ነው?” አሉ አዴ ሰርካ፣ እቅፍ ውስጥ እንዳሉ።

በሌላ በኩል አቶ በለጠና ሐጂ ሳቢት ቢላቸውን ስለው ቆመዋል። በኛ ከተማ ማንም ይደግስ ማን ድግሱ ሁለት ነው። በሬው ሁለት፣ ድስቱ ሁለት፣ ዳሱ ሁለት። የክርስቲያኑን አቶ በለጠ ባርኮ ያርዳል፤ የሙስሊሙን ሐጂ ሳቢት ቢስሚላህ ብለው ያርዳሉ። ባልና ሚስት ያህል የሚዋደዱ ጎረቤታሞች እንኳ ሥጋ ሲመጣ ወዲያና ወዲህ ይለያያሉ። የሌላውን ወገን ሥጋ መብላት ሃይማኖት መለወጥ ነው፤ ማንም አስተምሮኝ ሳይሆን ከተወለድኩ ጀምሮ የማውቀው ነው። እና ሁለቱ ሰዎች ከማለዳ ጀምረው በሬ ይጠብቃሉ።

“በሬው የት አለ?” አለ አቶ በለጠ።

በሬ የለም። ያለው ሰው ቆሞ የሚታጠብበት የሚያህል ድስት ነው፤ ውስጡ ሩዝና ቀይ ቦሎቄ ይንተከተካል። አጠገቡ ክንድ የሚያህል ሙዝ በዘይት ይጠበሳል። መሬት ላይ ደግሞ ፀጉር ያበቀሉ፣ ክብ፣ ቡናማ ነገሮች ተከምረዋል። ኮኮነት ነው፤ ያኔ ማን አይቶት ያውቃል!

“ይሄ የምን ጭንቅላት ነው?” አሉ አዴ ሰርካ ወደ ኋላ እያሉ።

ሐጂ ሳቢት ጎንበስ ብለው አዩና ዋናውን ጥያቄ ጠየቁ። “ማን አረደው?”

ከሙዚቀኞቹ አለቃ የሚመስለው፣ ፀጉሩ ወገቡ የሚደርስ ሰው፣ በሻሸመኔ አማርኛ መለሰ። “አባቴ፣ ማንም አላረደ። ደም የለ። ሥጋ የለ። እኛ ሥጋ አንበላ።”

ሁለቱ ሰዎች ቢላቸውን እንደያዙ ተያዩ።

“ሥጋ የሌለው ድግስ?” አለ አቶ በለጠ። “ይሄ ድግስ ነው ሱባዔ?”

“እንግዲያ ድስቱ አንድ ነዋ” አሉ ሐጂ ሳቢት ቀስ ብለው፤ እንቆቅልሽ የተፈታላቸው ይመስል። “አቶ በለጠ፣ ኮቱ፣ ና። ዛሬ ያለ ቢላ እንብላ።”

ሐጂ ሳቢት ቢስሚላህ አሉ፤ አቶ በለጠ አማተበ፤ ከአንድ ድስት ተቀዳላቸው። ሕዝቡ ያንን ሲያይ እንደ ጎርፍ ገባ።

ሳህኑ ወዲያው አነሰ። አንድ ሳህን ለሁለት፣ ለሦስት ሆነ። ይሄኔ ነው ጅብሪል ከየት መጣ ሳልለው አጠገባችን የተገኘው። ሽንኩርቱንና ቦሎቄውን ያቀረበላቸው እሱ ነው አሉ።

“እየሩዬ፣ ነጩ ኮፍያ እንዴት ያምርብሻል!” አለኝ።

ትንፋሼን ያዝኩ። “ተሻለህ?” አልኩት፤ አየር ሳላስገባ።

“አልሐምዱሊላህ። ዛሬ ወይ እድናለሁ ወይ እሞታለሁ።”

እሱና አብርሆት ከአንድ ሳህን በሉ። እኔ በግራ እጄ ቢጫ ቀሚሷን ጨብጬ በቀኜ አብሬያቸው እበላለሁ። ጅብሪል የተጠበሰውን ሙዝ በጣቱ እየገፋ ወደ እሷ በኩል ያደርግላታል። በሽተኛ ነውና የምግብ ፍላጎት የለውም አልኩ። እሷም አንዱን መልሳ ገፋችለት። ሳህን ስላነሰ ነው አልኩ። ሁለት ሰው፣ አንድ ሳህን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ከተማው ሁሉ እያየ! እዚያ ሜዳ ላይ ያ ሳህን ምን እንደሚል ያልገባኝ ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ።

አባባ ፊት ለፊት፣ ከቀበሌው ሰዎች ጋር ወንበር ላይ ተቀምጠው ይበሉ ነበር። ቀና ሲሉ አዩን። ማኘካቸውን አቆሙ። ፊታቸው ቀላ። የካሪቢያን ሚጥሚጣ ቃጠሎው ልክ የለውም ይባል ነበርና “በርበሬው ነው” አልኩ። ሳህናቸውን ወንበሩ ላይ አስቀምጠው ተነሡ። ወደ እኛ መምጣት ጀመሩ።

አብርሆት ጅብሪልን አየችው። ጅብሪል መድረኩን አየው።

መድረኩ ጎኑ የተከፈተ የጭነት መኪና ነው። በዚያች ቅጽበት በርሜሉ ጀመረ። የናፍጣ በርሜል ቂጥ ቆርጠው፣ ቀጥቅጠው የሠሩት ነገር ነው፤ ድምፁ ግን የበርሜል አይደለም። ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የመጀመሪያው ዝናብ ጠብ ጠብ ሲል፣ አንዱ ጠብታ ወፍራም፣ አንዱ ቀጭን... እንደሱ ነው። ከጭርጭር ተራሮች በኩል ያስተጋባል። ባለ ረጅም ፀጉሩ ሰውዬ ማይኩን አፉ ላይ ለጠፈ።

“ነጭ ኮፍያ ያደረገችው ልጅ! አንቺ! ነጭ ኮፍያ! ነይ ከኛ ጋር!”

ዙሪያዬን አየሁ። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ። እንደገና አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ። ነጭ የለም። እኔ ነኝ።

“አንቺን ነው እኮ፣ ሂጂ!” አለች አብርሆት።

“አባባ ቀሚስሽን እንዳትለቂ ብለዋል።”

“አባባም እያዩሽ ነው። አንድ ዘፈን ነው።” ጎንበስ ብላ ግራ እጄን ያዘች። ጣቶቼን ከቀሚሷ ላይ አንድ በአንድ አላቀቀቻቸው፤ ትንሿን፣ ከዚያ ቀጣይዋን። ስንጫወት እንደምታደርገው መስሎኝ ሳቅሁ። አውራ ጣቴ ላይ ስትደርስ ቆየች። ከዚያ እሷንም ፈታቻት። ጅብሪል በሁለት እጁ አንሥቶ መኪናው ላይ አስቀመጠኝ።

ቁልቁል ሳይ አባባ መንገድ ላይ ቆመዋል፤ ከኛ ዐሥር እርምጃ ቢቀራቸው ነው። ልጃቸው መድረክ ላይ ናት። ሰው ሁሉ “የዶክተር ልጅ! የዶክተር ልጅ!” እያለ ወደ ፊት ገፋቸው፤ አንዱ ወንበራቸውን አምጥቶ ከመድረኩ ሥር አስቀመጠላቸው።

የማውቀው ጭፈራ አንድ ነው፤ ሰፈራችን ያሉ የኦሮሞ ልጆች ያስተማሩኝ ሸጎዬ። እሱኑ ጀመርኩት። አንገቴን አወዛወዝኩ፣ ኮፍያዬ ላይ ያለው ድብልብል ወዲያና ወዲህ ተወረወረ። ባለ ረጅም ፀጉሩ ሰውዬ ከፊቴ ቆሞ እንደኔ ሊያደርግ ሞከረ፤ ገመዱ ፀጉሩ ፊቱን ገረፈው። ሕዝቡ ጮኸ! አዴ ሰርካ ባዶ ጆንያቸውን አናታቸው ላይ እያሽከረከሩ እልል አሉ። ሐጂ ሳቢት እንኳ ከወገባቸው ነቅነቅ ሲሉ አይቻለሁ፤ እስኪሞቱ ድረስ ካዱኝ እንጂ።

ከዚያ ከፍታ ላይ ሜዳው ሙሉ ይታየኛል። ከሕዝቡ ጀርባ አንዲት ቢጫ ቀሚስ ወደ አስፋልቱ ስትሄድ አየሁ። ሳህን ልታመጣልኝ ነው። የጅብሪል ፒካፕ ዘንድ ስትደርስ ዞረች። እኔ እጄን አውለበለብኩላት፤ ሁለቱንም፣ እየዘለልኩ፣ እንድታየኝ። እሷም እጇን ግማሽ ድረስ አነሣችው። ከሥሬ ወንበር ላይ ደግሞ አባባ እጃቸውን ሲያወጡ አየሁ። ከዚያ ዘፈኑ ከረረና ዓይኔን ጨፍኜ ጨፈርኩ።

ስወርድ ለሽልማት አንድ ትልቅ ሙዝ ሰጡኝ። ሙዜን ይዤ ወደ ነበርንበት ሄድኩ። ሳህኑ መሬት ላይ አለ። ሁለት የሙዝ ቁራጭ ቀርቶበታል፤ አንዱ በእሷ በኩል፣ አንዱ በእሱ በኩል።

“እህትሽስ?” አሉ አባባ ከኋላዬ።

“ሳህን ልታመጣ ሄዳ ነው።”

ጠበቅን። ድስቱ ታጠበ። በርሜሎቹ ተጫኑ። ፀሐይዋ ከባሕር ዛፉ ጀርባ ወረደች፣ በረደ። ከአስፋልቱ ዳር ሻይ የሚሸጥ ሰው መጥቶ ለአባባ በጆሯቸው የሆነ ነገር ነገራቸው። “ሂርና” የሚል ቃል ሰማሁ። አባባ ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። በመጨረሻ ወደ እኔ ዞረው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁኝ።

“ቀሚሷን ለምን ለቀቅሽው?”

ሙዜን አቀበልኳቸው። አልተቀበሉኝም።

በሁለት ሳምንቱ ደብረ ማርቆስ ገባን። አባባ ያንን ጥያቄ ደግመው አልጠየቁኝም። የአብርሆትን ስም ደግመው አልጠሩም። አስፈላጊም አልነበረም። ቤት ውስጥ ቁልፍ ሲጠፋ፣ ብርጭቆ ሲሰበር፣ ሌሊት ባንኜ ባዶ አንሶላ ስጨብጥ፣ ጥያቄው ይመጣል። ለምን ለቀቅሽው?

ጉራ የጀመርኩት ያኔ ነው። ለደብረ ማርቆስ ልጆች አምስት መቶ ሰው ጠራኝ አልኩ። ከዚያ ሺህ አደረግሁት። ከዚያ አምስት ሺህ። ሁለት ሺህ ሰው ሲጠራት ቀሚስ የምትለቅ ልጅ ጥፋተኛ ናት። ዐሥር ሺህ ሰው ሲጠራት ግን ማን ይፈርድባታል? ሕዝቡ በጨመረ ቁጥር ጥፋቴ ይቀንሳል።

በሃያ ሁለት ዓመቴ ተመልሼ መጥቼ ሳሎኗን ከፈትኩ። ስሟን ታውቃላችሁ። ከእህቴ ጋር ታረቅን፤ ሂርና ትኖራለች፣ ከጅብሪል አራት ወልዳለች፣ እዚያ በሌላ ስም ይጠሯታል፣ እኔ ግን አብርሆት ነው የምላት። እኔ የምሄድ ቀን ቤቷ ሥጋ አይሠራም፤ ሁላችንም ከአንድ ሳህን እንድንበላ። ስለዚያ ቀን ግን ተነጋግረን አናውቅም። እኔ ስለማፍር ነው። እሷ ደግሞ ጨዋ ስለሆነች፣ ጥፋቴን ላለማንሣት የተጠነቀቀችልኝ ነበር የሚመስለኝ።

ከሦስት ዓመት በፊት የሴት ልጃቸው የኡምኩልሱም ኒካህ ሊታሰር እንግዳ መጥቶ እኔም ሂርና ነበርኩ። ያን ቀን ለእንግዶቹ ሥጋ ቢታረድም የእኛ ሳህን ያው የተለመደው ነበር። ጅብሪል አሁን ጢሙን ሂና ይቀባል፤ ወገቡን የምር ያመዋል። ሙሽራው እንዴት እንዳገኛት ሲተርክ ሳቀና አቋረጠው።

“ይሄ ምን አላት! እኔ የናንተን እናት ያመጣሁት በስንት መርፌና በአንድ እስር ጫት ነው። ያ ፀጉሩ ወገቡ ድረስ የነበረው ጃማይካዊ የለም? ከማለዳው ሄጄ ጫቱን ሰጠሁትና ‘አባቷ ሲነሣ ወደ አንተ አያለሁ፤ ያኔ ነጭ ኮፍያ ያደረገችውን ልጅ ጥራልኝ’ አልኩት። ጠባቂ ናት፣ ከቀሚሷ ላይ አትላቀቅም ስለው እንዴት ሳቀ መሰላችሁ!”

እንግዳው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ አፌ ልማድ አለበት። ከዚያ አብርሆትን አየኋት። እጇ ሳህኑ ላይ ደርቆ ቀርቷል።

“ኮፍያውስ?” አልኳት።

“እየሩ...”

“ሕዝቡ መሃል እንዳትጠፊብኝ ብለሽኝ ነበር።”

“ያ ሁሉ ሰው ባንዲራ ለብሶ፣ ሰውየው በምን ይለይሽ?” አለች። ድምፅዋ ተሰነጠቀ። “የምታውቂ መስሎኝ ነበር። በየሄድሽበት ስትፎክሪበት ስሰማ፣ አውቃዋለች፣ ይቅር ብላኛለች ብዬ... ዞሬ አይቼሻለሁ እኮ። ፒካፑ ታጥፎ እስኪሸፈን ድረስ ያንን ነጭ ነገር ሳየው ነበር።”

“እኔ ሃያ ዘጠኝ ዓመት፣ ለቀቅኩሽ ብዬ” አልኩ። የበለጠ መናገር ፈልጌ ነበር። እኔ፣ ወሬ አልቆብኝ የማላውቀው፣ አለቀብኝ። ሳህኑ ላይ ከፊቴ ያለውን ሳልነካ ነጠላዬን አንሥቼ ወጣሁ።

ከሂርና ቺሮ በሚኒባስ ያለውን መንገድ ታውቁታላችሁ፤ ጠመዝማዛ ነው። በየጥምዝምዙ ንግግሬን አዘጋጀሁ። አባባ ያን ጊዜ እኔ ዘንድ ነበሩ። ካረጁ በኋላ አምጥቻቸው፣ ከሳሎኑ ጀርባ ያለው ክፍል ውስጥ አልጋ ከያዙ አራተኛ ወራቸው ነበር። እነግራቸዋለሁ። አባባ፣ እኔ አልለቀቅኩም። ጣቶቼን ነው የፈታቻቸው። ኮፍያው ራሱ ወጥመድ ነበር፣ ሰውየው የተገዛ ነበር፣ ሁለታችሁም እንደ ገመድ ጎተታችሁኝ፤ እርስዎ ጠባቂ አደረጉኝ፣ እሷ ማታለያ አደረገችኝ፣ እኔ ልጅ ብቻ መሆን ነበረብኝ። ይሄን ሳይሰሙማ አይሞቱም። አርበረከቴ ስንደርስ ንግግሩ አንድ ሰዓት የሚፈጅ ሆኖ ነበር። ቺሮ መግቢያ ላይ ሁለት ሰዓት።

ገባሁ። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በመስኮቱ እግራቸው ላይ ወድቃለች። ከሳሎኑ የካስኩ ጉርምርምታ ይሰማል።

“ሂርና ነበርሽ?” አሉኝ።

“አዎ፣ አባባ።”

“ደህና ናት?”

ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስለ እሷ ሲጠይቁ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ስሟን አልጠሩም፤ ግን ጠየቁ።

“ደህና ናት። ልጅ ልትድር ነው።”

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ንግግሬ ጉሮሮዬ ላይ ተሰልፏል። “አባባ፣ ስለዚያ ቀን፣ ስለ ኳስ ሜዳው” ብዬ ጀመርኩ።

“ስለሱ እኔም እያሰብኩ ነበር” አሉ። ዓይናቸው ጣሪያው ላይ ነው። “መጥፎ ቀን ነበር። አንድ ነገር ብቻ ደግ ነበረው። ያቺ ኮፍያሽ። እዚያ ላይ ሆነሽ፣ ያ ሁሉ ሰው እያለ፣ እኔን ፈልገሽ እጅሽን ያውለበለብሽልኝ። ሁለቱንም እጅ፣ እየዘለልሽ። እኔም አውለበለብኩልሽ፤ አየሽኝ ይሆን?” ፊታቸውን ወደ እኔ መለሱ። የልጅ ፊት ሆነ። “ለኔ ነበር፣ አይደል?”

ያን ቀን ከበስተጀርባቸው ያለፈችውን ቢጫ ቀሚስ እንደገና አየኋት። ግማሽ ድረስ የተነሣችውን እጅ አየኋት። ቀጥሎ አባባን፣ ጀርባቸውን ለአስፋልቱ ሰጥተው፣ ወንበር ላይ ሆነው፣ ለእሳቸው ላልሆነው ሰላምታ እጃቸውን ሲያወጡ።

“አዎ” አልኳቸው፤ “ለእርስዎ ነበር።”

ምንም አልጨመርኩበትም።